የቡና ማሽን ጠጋኝ ነኝ፤ ጣሊያንኛ ለመማር እስከ ጣሊያን ገጠር ልሂድ?

ጓርኒሲዮን፦

ጤና ይስጥልኝ። ቡና ማሽን ስጠግን 11 ዓመት ሆነኝ። ሱቃችን ፒያሳ ነበር፤ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ አራት ኪሎ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይተን ገባን። የምፈታቸው ማሽኖች አብዛኞቹ የጣሊያን ሥሪት ናቸው። የዕቃዎቹን ስም ከአለቃዬ አፍ ነው የለቀምኩት፤ ግሩፖ፣ ካልዳያ፣ ፖምፓ፣ ፊልትሮ፣ ረዚስተንሳ።

ባለፈው ወር አንድ ካፌ አዲስ ማሽን አስገብቶ ጠራኝ። መመሪያው በጣሊያንኛ ብቻ ነው። አንዷን መስመር የገባችኝ መስሎኝ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ሠራሁ። ፍል ውሃ ክንዴን አቃጠለኝ፤ ጓርኒሲዮኑም (ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገው ጎማ) ተበላሸ፤ ሰውየው ሁለት ቀን ቡና ሳይሸጥ ዋለ። ቁስሉ ድኗል። የሰውየው ሁለት ቀን ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

ከዚያ ወዲህ ቋንቋውን አጥብቄ ለመማር ቆርጫለሁ። ጣሊያን አገር አንድ ገጠር ውስጥ፣ ሰው ቤት እየኖሩና እየበሉ አራት ሳምንት መማር የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ጠዋት ትምህርት ነው፤ ከሰዓት ከመንደሩ ሰው ጋር መዋል ነው። ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለኝ፤ ባለቤቴም ለሥራህ ከሆነ ሂድ ብላኛለች። ግን እዚሁ ማታ ማታ ብማር አይበቃም? የገጠሩ ሰው ንግግርስ ከመጽሐፉ ጋር ይገጥማል? ሄዶ ያየ ሰው ካለ በዝርዝር ይንገረኝ።

የሰነድ ነገር፦

ባለፈው ዓመት የወንድሜን ወረቀት ያዘጋጀሁት እኔ ስለሆንኩ ስለ ቪዛው ብቻ ልበል። አራት ሳምንት ከሆነ የአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ ነው፤ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያስቀምጣል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድንም ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 በኢትዮጵያውያን ላይ ባሳለፈው ውሳኔ 15 ቀን የነበረው የመልስ ጊዜ 45 ቀን ሆኗል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላልና አትዘግይ። ንግድ ፈቃድ፣ የባንክ መግለጫ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት አያይዝ፤ የምታድርበት ቤት አድራሻ ከአስተማሪዎቹ በሚመጣው ደብዳቤ ላይ በግልጽ ይጻፍልህ። ቪዛው ሳይወጣ የትምህርቱን ሙሉ ክፍያ እንዳትልክ።

ነሐሴ፦

ወንድሜ፣ እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ። አስጎብኚ ነኝ። የነበረኝ ጣሊያንኛ ከሰላምታና ከዋጋ አያልፍም ነበር። በ2015 ክረምት፣ እንግዳ በማይበዛበት ወቅት፣ ሞሊዜ ክልል ውስጥ አንዲት መንደር ስድስት ሳምንት ተቀመጥኩ። ሞሊዜ ከሮም በስተደቡብ ምሥራቅ ያለ ትንሽ ክልል ነው። ሮም ላይ ቲቡርቲና ከሚባለው መናኸሪያ በአውቶቡስ ካምፖባሶ ትደርሳለህ፤ እኔ ከዚያ ሌላ ትንሽ አውቶቡስ ይዤ ተራራ ወጣሁ። ያረፍኩት ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ቤት ነው፤ መምህርቷ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትመጣልን ነበር።

ስለ ጉዞው ከማውራቴ በፊት ስለ አንተ ልናገር። አንተ ዘንድ ያለው ስም ነው፤ ግሱና ማያያዣው የለህም። ሁላችንም እንዲሁ ነን። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቻቢቴ፣ ፌሮ፣ ላሜራ፣ ሲሚንቶ፣ ቦርሳ፣ ባኞ እንላለን፤ ሥራውን ግን በአማርኛ ነው የምንሠራው። ፍሬን «እንይዛለን»፣ ላሜራ «እንቆርጣለን»። ከእነሱ የወሰድነው ዕቃውን ነው፤ ዕቃው የሚሠራውን ነገር የሚናገረው ቃል እዚያው ቀርቷል። አንተን የጎዳህም የዕቃ ስም አለማወቅ አይመስለኝም።

ግስ ከሰንጠረዥ ቢጠናም ከአፍ ለመውጣት እጅ ይፈልጋል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቲማቲም የሚዘጋጅበት ሳምንት ደረሰ። እኛ በርበሬ ስናዘጋጅ ጎረቤት እንደምንጠራራው እነሱም ለዓመት የሚሆነውን የቲማቲም ስልስ በአንድ ላይ ያዘጋጃሉ። ይታጠባል፣ ይፈጫል፣ በጠርሙስ ይሞላል፤ ጠርሙሶቹ እርስ በርስ እንዳይጋጩ በጨርቅ ተጠቅልለው በርሜል ውስጥ ይቀቀላሉ። ለእኔ ክዳን ማጥበቅ ደረሰኝ። «ስትሪንጂ!» አጥብቂ። «ጂራ!» አዙሪ። «አስፔታ!» ቆዪ። «ፓሳሚ!» አቀብዪኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ይህንኑ ስሰማ ዋልኩ። እነዚያን ግሶች ዛሬም ሳላስብ ነው የምናገራቸው። አንተማ በእጅህ የምትኖር ሰው ነህ፤ ከእኔ ይልቅ ይቀልሃል።

የሚቆጨኝንም ልንገርህ። መጀመሪያ አብረውኝ ሦስት ተማሪዎች ነበሩ፤ አንዷ ከሆላንድ፣ አንዱ ከጀርመን፣ አንዷ ከአሜሪካ። ጥሩ ሰዎች ናቸው። ግን እራት ላይ ሲደክማቸው እንግሊዝኛ ያወራሉ፣ እኔም አብሬ አወራለሁ፣ የቤቱ ባለቤት እናት ዝም ብለው ሳህን ያነሳሉ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደብኝ። የከፈልኩት ገንዘብ ሥራ የጀመረው እነሱ ተሰናብተው እኔና እናትየው ብቻችንን ስንቀር ነው። ስለዚህ ለአዘጋጆቹ ስትጽፍ ከዋጋው አስቀድመህ ይህን ጠይቅ፦ ማዕድ ላይ ስንት ተማሪ ይቀመጣል? በምን ቋንቋስ ይወራል?

እነሱ እንደሄዱ ፍልሰታ ገባ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አልበላም ማለትን አጥንቼ ሄጃለሁ፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ግን አቃተኝ። በምልክትም በቃልም ስታገል እናትየው «ማዶና? አሱንታ?» አሉኝ። እነሱም በእነሱ አቆጣጠር ኦገስት 15 የእመቤታችንን ዕርገት ያከብራሉ፤ ሐውልቷን ተሸክመው መንደሩን ይዞራሉ። የእኛ ነሐሴ 16 በእነሱ ኦገስት 22 ላይ ይውላል። አንዲት ሳምንት ብቻ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ፓስታ በባቄላና ቺኮሪያ የሚሉትን መራራ ቅጠል በወይራ ዘይት ይበሉ ጀመር፤ እየበላንም የልጅነታቸውን ጾም ይተርኩልኛል። «ማንጃቫሞ»፣ «ላቮራቫሞ»፣ «ፕሬጋቫሞ»። መጽሐፌ ላይ ይህ የግስ ቅርጽ ሁለት ገጽ ማብራሪያ ነበረው፤ አልገባኝም ነበር። እሳቸው ሲያወሩት ግን «እንበላ ነበር፣ እንሠራ ነበር፣ እንጸልይ ነበር» ሆኖ በአማርኛ ጆሮዬ ገባ። አንድ ጊዜ ተደርጎ ያለፈውን ደግሞ በሌላ ቅርጽ ይሉታል፤ እኛም «በላን» ብለን እንደምንለየው።

ከመጽሐፉ ጋር ይገጥማል ወይ ላልከው፣ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ የሚያወሩት ቀበልኛ ነው፤ አይገባህም። «አሁን» ለማለት መጽሐፉ «አዴሶ» ይላል፤ እነሱ «ሞ» ይላሉ። ወደ አንተ ሲዞሩ ግን ትምህርት ቤት የተማሩትን ጣሊያንኛ ቀስ ብለው ይናገሩልሃል። አክብሮቱን እንዳትረሳ። እኛ አንቱ ስንል ግሱን ወደ «እነሱ» እንደምናዞረው፣ የመጽሐፉ ጣሊያንኛ ወደ «እሷ» ያዞረዋል፤ «ሌይ» ይባላል፣ ለወንድም ለሴትም ያው ነው። እኔ የነበርኩበት መንደር ግን ለአረጋውያን «ቮይ» ነው የሚሉት፤ «እናንተ» እንደማለት። እናትየውን «ቮይ» ያልኳቸው ቀን ፊታቸው በራ።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው አያነሳውም። መንደሩ ቡና ቤት ውስጥ ካርታ የሚጫወቱ አንድ አዛውንት ከአዲስ አበባ መምጣቴን ሲሰሙ፣ አባታቸው በእነሱ አቆጣጠር በ1936 «አቢሲኒያ» ዘምተው መንገድ ይሠሩ እንደነበር በኩራት ነገሩኝ። እኔ ስድስት ኪሎ፣ የሰማዕታት ሐውልት አጠገብ ነው ያደግኩት። ዝም ማለት አልቻልኩም። የካቲት 12 ቀን 1929፣ በእነሱ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937፣ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ በከተማችን ሰላማዊ ሰው መጨፍጨፉን በተሰባበረ ጣሊያንኛ ነገርኳቸው። ቃል ሲያጥረኝ መዝገበ ቃላት እያየሁ። ካርታቸውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ኖን ሎ ሳፔቮ» አሉኝ፤ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ወንድማቸውን ይዘው መጥተው ለእሱም ድገሚለት አሉኝ። ለዚህ ለዚህ የሚሆን ቃል ይዘህ ሂድ፤ መጠየቅህ አይቀርም።

የቀረው ቀላል ነው። ሱቅ ከቀትር በኋላ ይዘጋል፣ እሁድ አውቶቡስ አትጠብቅ። ያሳደረህ ሰው መምጣትህን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ፣ ፖሊስ በሌለበት ለማዘጋጃ ቤቱ ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ፓስፖርትህን ቢጠይቁህ አትደንግጥ።

ባዶህን ግን አትሂድ። እዚህ የጣሊያን የባህል ተቋም ትምህርት ይሰጣል። ኤ1ንና ኤ2ን፣ የጀማሪ ደረጃዎቹን፣ እዚሁ ጨርስና ከዚያ ገንዘብህን አውጣ። አራት ሳምንት ፊደልና ሰላምታ ለመማር ከሆነ በጣም ውድ ነው። ያለህን አውጥቶ ለመናገር ከሆነ ግን እዚህ ሁለት ዓመት የማታገኘውን ታገኛለህ።

የድሮ ፒያሳ፦

ልጄ፣ የነሐሴን ምክር ስማ። እኔ ፒያሳ ተወልጄ፣ ጣሊያናዊ መካኒክ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ እያቀበልኩ ነው ያደግኩት። አንድ ነገር ልጨምር። ጣሊያንኛ እንደ አማርኛ ይጠብቃል፣ ይላላል። እኛ «ገና» ስናላላው ጊዜው አልደረሰም፣ ስናጠብቀው የልደት በዓል ነው። እነሱም «ካሮ» ሲላላ ውድ፣ ሲጠብቅ ጋሪ ነው፤ «ፔና» ሲላላ ሐዘን፣ ሲጠብቅ ብዕር ነው። ዕድሜህን ስትናገር «አኒ» የሚለውን አጥብቀው፤ ከላላ ነውር ቃል ነው። ይህን ለመስማት ብዙ የውጭ ሰው ዓመት ይፈጅበታል። አንተ ከእናትህ ይዘኸዋል። ፊደላችን ስለማያሳየው ግን መጽሐፍ ላይ የጠበቀችውን ሁሉ በእርሳስ ምልክት አድርግባትና ጮኽ ብለህ አንብባት።

ጓርኒሲዮን፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ነሐሴ፣ እህቴ፣ ጽሑፍሽን ለባለቤቴ ጮኽ ብዬ አነበብኩላት፤ የካርታው ሰውዬ ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ዝም አልን። በዚህ ወር እዚሁ እመዘገባለሁ፤ መንደሩን ለሚመጣው ክረምት አቆየዋለሁ። እራት ላይ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ ዛሬውኑ ጽፌ ጠይቄያቸዋለሁ።

አባባ፣ እጄን ያቃጠለችኝን መስመር ልጻፍልዎት። «ፕሪማ ዲ አለንታሬ ላ ቪቴ፣ ኪዩዴሬ ላ ቫልቮላ»። «ፕሪማ» መጀመሪያ ማለት መሆኑን አውቅ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ቪቴዋን (ብሎኗን) አላላሁ፣ ቀጥዬ ቫልቮላውን (የውሃውን መዝጊያ) ልዘጋ ስል ነው ውሃው የፈነዳብኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

የድሮ ፒያሳ፦

«ዲ» ላይ ነው ልጄ። «ፕሪማ» ብቻዋን መጀመሪያ ናት። «ፕሪማ ዲ» ስትሆን ግን «ከዚህ በፊት» ትላለች፤ እኛ ከኋላ የምናመጣውን «በፊት» እነሱ ከፊት ያስቀድሙታል። «ቪቴዋን ከማላላትህ በፊት ቫልቮላውን ዝጋ» ነው የሚልህ። ቪቴ ደግሞ ካቻቢቴ ውስጥ ያለችው ናት፤ ስትይዛት ኖረሃል። የመመሪያውን ቀጣይ ገጽ ነገ ጻፍልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።