ለበጎ አድራጎት የወይን ቅምሻ፦ እንሂድ ወይስ ይቅርብን?

አስተባባሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ላውደን ካውንቲ ውስጥ በአንድ የወይን እርሻ ሜዳ ላይ የወይን ቅምሻ ልናዘጋጅ ነው። ነሐሴ ውስጥ፣ ቅዳሜ ቀን። ትኬቱ 100 ዶላር ነው። የሚተርፈው አገር ቤት የኩላሊት እጥበት ለሚያደርጉ ሕሙማን ይላካል። አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ «በመጠጥ የተሰበሰበ ብር ለበሽተኛ አይላክም» አላችሁኝ። በየስልኩ ከምንነጋገር እዚሁ በግልጽ ይውጣ። እኔ ጥሩ ሐሳብ ነው ብዬ አምናለሁ። በአዳራሽ እራት ላይ ሁሌም የምንገናኘው ያው ሰዎች ነን። ወጣቶቹ እንደዚህ ያለ ቦታ ይመጣሉ።

ዲያቆኑ፦
እህቴ፣ ወይንን እንደ ኃጢአት አልቆጥርም። ጌታ በቃና ዘገሊላ ውኃውን ወይን አድርጎታል። ጥር 12 በዓሉን እናከብራለን። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆድህ ጥቂት ወይን ጠጣ ብሎታል። እኔን የከበደኝ ቀኑ ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ እስከ 16 ፍቺው ድረስ ነው። ሕፃናት እንኳ የሚጾሙት ጾም ነው። እናቶቻችን ሱባኤ በያዙበት ሳምንት እኛ ብርጭቆ ይዘን ፎቶ ብንነሣ ቅር ይላቸዋል። ቢላቸውም አልፈርድባቸውም።

ነርሷ፦
እኔ ቀኑ ቢለወጥም አልስማማም። ኩላሊትን ከሚያደክሙት ዋነኞቹ ስኳርና የደም ግፊት ናቸው። አልኮል ሲበዛ ደግሞ ግፊት ይጨምራል። ታዲያ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ብለን ግፊት የሚጨምር ነገር እንሸጣለን? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ1988 ዓ.ም. በፈረንጆቹ አልኮልን ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠ ነገሮች መድቦታል። ትምባሆም ያለው እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ድርጅቱ በ2023 ደግሞ ለጤና ምንም የማያሰጋ የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ይህን እያወቅኩ ትኬት መሸጥ አልችልም።

ወይን ቤት የሚሠራው፦
የእህቴን ሐሳብ አከብራለሁ። ግን ቅምሻ ምን እንደሆነ ልናገር፤ ሥራዬ ስለሆነ። ለአንድ ቅምሻ የሚቀዳው 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ከአንድ ጠርሙስ 25 ሰው ይቀምሳል። አምስት ዓይነት የቀመሰ ሰው ቢውጠው አንድ ብርጭቆ ጠጣ ማለት ነው። ጠረጴዛው ላይ መትፊያ ዕቃ አለ፤ ባለሙያዎቹ ይተፋሉ።

እውነቱን ለመናገር ግን የኛ ሰው አይተፋም። የተጋበዘውን መትፋት ነውር ይመስለዋል። ሜዳ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በነሐሴ ፀሐይ ቀይ ወይን ቶሎ ይሞቃል። ሲሞቅ የፍሬው ሽታ ይጠፋና አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ይመታል። ሰው ይጠማዋል፤ ነጩን እንደ ውኃ ይጨልጠዋል። ድንኳን፣ በረዶ፣ ብዙ ውኃና ጠንከር ያለ ምግብ ከሌለ እኔም አልቀዳም።

በወይን በሽተኛ መርዳት አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳይ፣ ቦን ከተማ ውስጥ በ1443 ለድሆች የተመሠረተ ሆስፒታል አለ። ባለፉት ዘመናት ሰዎች የወይን መሬት እየሰጡት ባለ እርሻ ሆኗል፤ ልክ እንደኛ ገዳማት መሬት። ከ1859 ጀምሮ ወይኑ በየኅዳሩ በጨረታ ይሸጣል።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ የቦኑ ሌላ ነው። እዚያ የሚሸጠው በርሜል ነው። ገዢው ወስዶ ዓመትና ከዚያ በላይ ያቆየዋል። ለሆስፒታሉ ብሎ እዚያው ጠጥቶ መኪና የሚያስነሣ የለም።

ሹፌሩ፦
መኪና ከተነሣ አይቀር። ከዚያ እርሻ ደጃፍ አውቶቡስ አይነሣም። ሁሉም ነድቶ ነው የሚመጣው፤ ነድቶ ነው የሚመለሰው። ቨርጂኒያ ውስጥ በሚነዳ ሰው ደም ውስጥ 0.08 በመቶ አልኮል ከተገኘ ወንጀል ነው። ሚኒባስ ካልተከራያችሁ ይህን ነገር አትሞክሩት።

ሌላም አለኝ። መጠጥ ካቆምኩ 9 ዓመቴ ነው። ብዙዎቻችሁ አታውቁም። እያንዳንዱ መሰባሰቢያችን ጠርሙስ ካለበት እንደ እኔ ያለው ሰው ቤቱ ይቀራል። ቀረ ብሎ የሚጠይቀውም የለም።

የሒሳብ ባለሙያዋ፦
ስለ ግብሩ አጭር ነገር። ትኬት የገዛ ሰው 100 ዶላሩን በሙሉ ግብር ከሚከፍልበት ገቢው ላይ አያስቀንስም። እንበልና የቀረበለት ወይንና ምግብ 60 ዶላር ቢያወጣ፣ ስጦታ የሚባለው 40ው ነው። ክፍያው ከ75 ዶላር በላይ ስለሆነ ይህን ለገዢው በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። እኔ የምጠይቀው ይህችን ነው፦ ከመቶው ስንቱ ነው አገር ቤት የሚደርሰው?

ሙስሊሟ ጎረቤት፦
አምና ባዘጋጃችሁት የቡና ቀን ከመስጊዳችን ብዙ ሰው ይዤ መጥቼ ነበር። ትዝ ይላችኋል። ለዚህኛው ማንንም መጥራት አልችልም፤ እኔም ራሴ አልመጣም። እኛ መጠጥ ያለበት ማዕድ አንቀርብም። ኩላሊቱ የሚታጠብለት ሕመምተኛ ግን ሙስሊምም ክርስቲያንም ነው። ለምን ግማሻችንን ከመጀመሪያው ታስቀሩናላችሁ?

አስተባባሪዋ፦
እትዬ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ነካችኝ። ወጣቶቹን ስቆጥር እናንተን አልቆጠርኩም። ይቅርታ።

ነገ ለኮሚቴው የማቀርበው ይህ ነው። ቅምሻው ከፍልሰታ ይውጣ። ሚኒባስ በትኬቱ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። የወጪው ዝርዝር ትኬት ከመሸጡ በፊት ለሁሉም ይታይ። ቡናውና ምግቡ ደግሞ ለብቻው፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ ቦታ ይሁን፤ መጠጥ የማይገባበት። ነርሷን እንዳላሳመንኳት አውቃለሁ።

ወይን ቤት የሚሠራው፦
መስከረም የወይን ለቀማ ነው። እርሻዎቹ ሜዳ ላያከራዩን ይችላሉ። ነገ ደውዬ እጠይቃለሁ።

ነርሷ፦
አዎ፣ አላሳመንሽኝም። የቡናውን ቀን ግን ንገሪኝ። የደም ግፊት መለኪያዬን ይዤ እመጣለሁ።