የሮቦቴ ትከሻ እጁን መሸከም አቃተው፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ እርዱኝ ተቸግሬያለሁ። 1 ሜትር ከ20 የሚሆን ሮቦት እየሰራሁ ነው፣ ትከሻው ላይ ያለው ሰርቮ (በታዘዘው ዲግሪ ላይ ዞሮ የሚቆም ሞተር) ኤምጂ996አር የሚባለው ነው፣ በ6 ቮልት ጉልበቱ ቢበዛ 11 ኪሎ-ሴንቲሜትር ነው (ከዘንጉ 1 ሴንቲ ላይ 11 ኪሎ ይይዛል ማለት ነው)፣ እጁ ግን 600 ግራም ሆኖ የክብደቱ መሀል ከትከሻው 20 ሴንቲ ስለሚርቅ ወደ ጎን ሲዘረጋ ባዶውን 12 ይፈልጋል፣ እና ይንቀጠቀጣል ይግላል፣ የአንዱማ የጊር ጥርሱ ተበልቶ አለቀ። ክብደቱ ሁሉ ቀጭኗ ዘንግ ላይ እንዳይንጠለጠል በሌላ በኩል ኩሽኔታ ልገጥምለት ነው፣ ጉልበቱን ግን አይጨምርልኝም። 3 ለ 1 ጊር ባስገባ 180 ዲግሪው 60 ብቻ ይሆንብኛል፣ ታዲያ ፖቴንሽዮሜትሩን (ሰርቮው ስንት ዲግሪ እንደዞረ የሚለካውን) ከውስጡ አውጥቼ ትከሻው ዘንግ ላይ ልሰረው ወይስ ሞላ አድርጌ እጁን ላቅለው? የሞከራችሁ ካላችሁ ሞላውን የት ጋ እንዳሰራችሁት ንገሩኝ፣ ሌላ ሰርቮ ማቃጠል አልፈልግም።