«ክሮቸራዋ ተበልታለች» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የአባቴን አሮጌ ላዳ ተክለሃይማኖት አካባቢ ወደሚገኝ ጋራዥ ወስጄ ነበር። መካኒኩ ከሥሯ ወጥቶ «ክሮቸራዋ ተበልታለች፣ ትራስሚሲዮኑ ግን ጤነኛ ነው» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ እንጂ የገባኝ ነገር የለም። ክሮቸራ ምንድን ናት? ደግሞስ «ተበላ» እና «ተበላሸ» አንድ አይደሉም ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር። ኪስሽን የሚነካው እሱ ነው።

አንድ አይደሉም። በሥርም አይገናኙም። «ተበላ» የመጣው ከ«በላ» ነው፤ በግዕዙ «በልዐ»። የ«ተበላሸ» «ሸ» ግን የግሡ የራሱ ፊደል ናት። «ብልሽት» ስንልም «ብልሹ» ስንልም አትለየንም። ድምፃቸው ስለተቀራረበ ብቻ ዘመድ ይመስላሉ።

ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። «ተበላ» የሚባለው በመፋተግ ብዛት ቀስ በቀስ የሳሳ ነገር ነው። ጎማ ይበላል፣ የፍሬን ሸራ ይበላል፣ የጫማ ተረከዝም ይበላል። «ተበላሸ» ግን ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ሥራውን ላቆመ ወይም በትክክል መሥራት ላቃተው ነገር ሁሉ ይሆናል። «ላላ» ከተባልሽ ቡሎን ማጥበቅ ሊበቃ ይችላል። «ተበላ» ከተባልሽ ግን የሚጠብቅ ነገር የለም። የተበላ ብረት ተመልሶ አይሞላም፤ ዕቃው ይቀየራል። ስለዚህ መካኒክሽ ቃሉን መርጦ ነው የተናገረው። ላዳሽ አሁንም ትሄዳለች፣ አልተበላሸችም። ክሮቸራዋ ግን ተበልታለች።

ወደ ክሮቸራ ልምጣ። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፣ ከ«ክሮቼ» ማለትም ከመስቀል የወጣ። ጣሊያኖች በመርከብ የሚደረግ የሽርሽር ጉዞንም በዚሁ ቃል ይጠሩታል። የእኛዋ ክሮቸራ የእጅ መዳፍ ላይ የምታርፍ የብረት መስቀል ናት። አራቱም ጫፎቿ ላይ ትንንሽ ቆብ አለ። በቆቡ ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠኑ ብረቶች ዙሪያውን ተደርድረው ግራሶ (ወፍራም ቅባት) ውስጥ ይሽከረከራሉ። ላዳ ሞተሯ ፊት ነው፣ የምትገፋው ግን የኋላ እግሯ ነው። ከካምቢዮ (ከማርሹ ሳጥን) ተነስቶ የኋላ ጎማዎቹን እስከሚያዞረው ዲፍረንሻል የሚዘረጋው ረጅም ቱቦ ነው ትራስሚሲዮን የሚባለው። መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ የኋላ አክስሏ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። ቱቦው ድርቅ ያለ ቢሆን ኖሮ ይሰበር ነበር። በማዕዘን እየታጠፈ እንዲዞር የምታደርገው መስቀሏ ናት። ላዳ ላይ ሁለት አሉ፤ አንዷ መሃል፣ አንዷ ዲፍረንሻሉ ጋ። ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዘው ደግሞ ወፍራም ጎማ ነው።

መካኒክሽ እንዴት እንዳወቀ ልንገርሽ፤ ለእኔ የዚህ ጨዋታ ጣዕሙ እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ድምፅን በ«አለ» የሚያስረው ነገር ጋራዥ ውስጥ የምርመራ መሣሪያ ነው። ከኋላ ማርሽ ወደ አንደኛ ስትቀይሪ ከሥር አንዴ «ኳ!» ካለ፣ መጀመሪያ የምትጠረጠረው ክሮቸራ ናት። ቀስ ብለሽ ስትነጂ «ሲጢጥ ሲጢጥ» የሚል፣ ፍጥነት ስትጨምሪ አብሮ የሚፈጥን ከሆነ ግራሶዋ ደርቋል። መሃል ላይ ቱቦውን ይዞ እንዲዞር የሚያደርገው ቀለበት፣ ኩሽኔታው፣ ሲበላ ግን «ያጓራል» እንጂ «ኳ» አይልም። በፍጥነት ላይ ወለሉና መቀመጫው «ከነዘረ» ደግሞ የቱቦው ባላንስ ወይም የኩሽኔታው ጎማ ይታያል። ስለዚህ መካኒክ ዘንድ ሄደሽ «ድምፅ አምጥታለች» ብለሽ አታቁሚ። ምን እንዳለች፣ መቼ እንዳለች ንገሪው። ግሡ ራሱ ግማሽ ምርመራ ነው።

ከሥር የሚደረገው ፍተሻ ቀላል ነው። ደልዳላ ቦታ ቆማ፣ ጎማዎቿ በታኮ ተይዘው፣ ከክሮቸራዋ ግራና ቀኝ ያለውን ብረት በሁለት እጅ ይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ መጠምዘዝ ነው። ጤነኛ ከሆነች ሁለቱ ወገን አብረው ይሄዳሉ። ከተበላች በመሃላቸው ስትንቀሳቀስ እጅ ይሰማዋል። ቆቦቹ ዙሪያ ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት ከታየም ግራሶው አልቆ ብረቱ ራሱን እየፈጨ ነው ማለት ነው።

ስትቀየር አንድ ነገር በዓይንሽ ተከታተዪ። ትራስሚሲዮኑ ከመፈታቱ በፊት የሚገጣጠሙት ብረቶች ላይ በቀለም ወይም በፑንቶ (በሹል ብረት መምቻ) ምልክት ይደረግ። ያለ ምልክት ተፈትቶ ዞሮ ከተገጠመ ባላንሱ ሊበላሽ ይችላል፤ «ክሮቸራ ካስቀየርኩ ወዲህ መንዘር ጀመረች» የሚሉ ሰዎች ታሪክ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል። አዲሷም በሞርሳ (ብረት ጨምቆ በሚይዘው መሣሪያ) ተጨምቃ ብትገባ ይሻላል። በመዶሻ ከተመታች ከውስጥ አንዷ መርፌ ልትወድቅ ትችላለች፤ ያኔ ቆቡ አይቀመጥም። መጨረሻ ላይ ቱቦው በእጅ ሲዞር ሳይዝ፣ ሳይላላ መዞር አለበት።

ሌላ አባል፦ ትራስሚሲዮን ማለት ካምቢዮ አይደለም እንዴ? እንግሊዝኛው እንደዚያ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንግሊዝኛው ልክ ነው፤ የእኛ ግን በሌላ በር ነው የገባው። ጣሊያኖቹ ቱቦውን «የትራስሚሲዮን ዘንግ» ይሉታል። አማርኛ «ዘንግ» የሚለውን ጣለና ትራስሚሲዮንን ለቱቦው ሰጠ። የማርሹ ሳጥን ቀድሞውኑ «ካምቢዮ» የሚል ስም ነበረው። የእኔ አቋም ይህ ስህተት አይደለም ነው፤ ቃል በገባበት ቤት ኑሮውን ይመሠርታል። አደጋው ዕቃ ስታዝዝ ነው። ከኢንተርኔት ላይ በእንግሊዝኛ አንብበህ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄደህ «ትራስሚሲዮን» ብትል ቱቦ ሊያወጡልህ ይችላሉ። ካምቢዮ ከፈለግህ ካምቢዮ በል።

ሌላ አባል፦ እኔ ቪትዝ ነው የምነዳው። ጠባብ ቦታ ሳዞራት «ቀጭ ቀጭ» ትላለች። ይሄም ክሮቸራ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቪትዝ በፊት እግሯ ነው የምትጎተተው፤ ረጅም ቱቦ የላትም። በየጎማው በኩል አጭር አክስል አለ፣ ጫፎቹ ላይ ሲቪ ጆይንት፣ ማለትም አክስሉ እየታጠፈም እንዲዞር የሚያደርግ መገጣጠሚያ። በውጭ በኩል በብዛት የሚገኘው ዓይነት ውስጡ ስድስት የብረት ኳሶች አሉት፤ አልፍሬድ ዠፓ የተባለ መሐንዲስ በ1920ዎቹ የሠራው ነው። መሪ ሞልተህ ስትዞር «ቀጭ ቀጭ» ካለች የውጭው ጆይንት ተበልቷል። ከለገሃር ወደ ፒያሳ ቸርችልን ሽቅብ ስትወጣ ነዳጅ ስትሰጣት የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ የውስጠኛውን አስፈትሽ።

አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ በራሱ አይሞትም። መጀመሪያ የሚቀደደው የጎማ ሽፋኑ ነው። ግራሶው ይረጫል፣ አቧራና ውኃ ይገባል፣ ከዚያ ኳሶቹ መንገዳቸውን ይበሉታል። ቸርኬህን ከውስጥ በኩል ተመልከት፤ ጥቁር ግራሶ ተረጭቶ ካየህና ድምፁ ገና ካልጀመረ፣ ሽፋኑን፣ ግራሶውንና ፋሸታዎቹን (ሽፋኑን የሚያጠብቁትን ቀለበቶች) ብቻ ቀይረህ ልትድን ትችላለህ። «ቀጭ» ካለች በኋላ ግን ግራሶ መጨመር ድምፁን ለጊዜው ቢቀንስ እንጂ የተበላውን አይመልስም።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክሮቸራዋን ከየት ልግዛ? «ተበላሁ» ብዬ እንዳልመለስ።

መልስ፦ እሱም ያው «በላ» ነው፤ እዚህ ግን የሚበላው ሰው ነው። ሶማሌ ተራ ሂጂ፣ አሮጌዋን አስፈትተሽ በእጅሽ ይዘሽ። የቆቡን ስፋትና ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመት በካሊፐር (በመለኪያ መሣሪያ) አስለኪ። መስቀሏ ብትመሳሰልም ቆቧ ትንሽ ከሰፋ አትገባም፣ ከጠበበ ትላላለች። ማገጃ ቀለበቶቹ አብረው ስለመኖራቸው እሽጉን ከፍተሽ እዪ። ያገለገለ ክሮቸራ ግን በምንም ዋጋ አትግዢ፤ የማን መኪና ላይ ስንት እንደተበላች በዓይን አይታወቅም።