የበግ ጸጉርና መክሰስ ለ2ኛ ክፍል

ጥያቄ፦ ሰላም። ሱሉልታ ነው የማስተምረው። ለተግባር ትምህርት የበግ ጸጉር ሲታጠብ እየተጓጎለ አስቸገረ። ለምን? መክሰሱስ ምን ይሁን?

መልስ 1፦ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲታሽ የጸጉሩ ቅርፊቶች ተያይዘው ይጠጥራሉ፤ ከዚያ ወዲያ አይፈታም። መጀመሪያ ልጆቹ እሾኩንና በጠጡን ይልቀሙ። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ ሳታሹ ጫን ጫን አድርጉ። ማለቅለቂያውም ለብ ያለ ይሁን፤ ድንገት ቀዝቃዛ ከነካው ያው ይጓጎላል። የመንዝ በግ ከሆነ ሻካራ ነው፣ ለዝተት ይሆናል።

መልስ 2፦ በደንብ ሳይደርቅ አታባዝቱት! እንዝርት ለልጆች ይከብዳል፤ ባዘቶውን ጭናቸው ላይ እያሹ ይግመዱት።

መልስ 3፦ ለመክሰስ ንፍሮ፦ 2 እጅ ስንዴ፣ 1 እጅ ሽምብራ፣ ተዘፍዝፎ ይደር። የስንዴውን ፕሮቲን ሽምብራው ያሟላዋል። ጥሬ ጸጉር የነካ እጅ ግን በሳሙና ሳይታጠብ ንፍሮ እንዳይነካ፣ አደራ።