ነገ ማለዳ ከልጆች ጋር ወደ ጊቤ ግድብ እንሄዳለን፤ የአሳ ማጥመጃው ክር አልጠቀለል ብሎኛል

ጠያቂው፦
ውድ አባላት፣ ዛሬ ማታውኑ መልስ ብታገኙልኝ ትልቅ ውለታ ነው። ነገ እሑድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከጅማ ተነስተን በአሰንዳቦ በኩል ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ዳር ለመሄድ ስንቁንም መኪናውንም አዘጋጅተናል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ማጥመጃውን በግቢያችን ስሞክረው ክሩ ጫፍ ላይ ያለውን ማስመጫ እርሳስ አጥሩ ሥር ያለው ሣር ያዘውና እጀታውን ባዞር ባዞር ክሩ ባለበት ቀረ። ትልቁ ልጄ ሊያግዘኝ ብሎ ደጋግሞ ስላዞረው ደግሞ ክሩ እየተጠማዘዘ በቀለበት በቀለበት መቋጠር ጀምሯል። ሪሉ፣ ማለትም ክሩ የሚጠቀለልበት መሣሪያ፣ ተበላሽቷል ማለት ነው? በጅማ ይህን የሚጠግን ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ያሰብነው የበልጉ ዝናብ በጀመረበት በዚህ ወቅት ባስ የሚባለውን አሳ በቪዲዮ እንዳየነው ውሃው ወደ ጎን ገብቶ በተኛበት ዳርቻ በላስቲክ ትል ለማጥመድ ነው።

ከሂርማታ፦
ወንድሜ፣ አይጨነቁ። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ ያድርጉበትና እጀታውን ደጋግመው ያዙሩት። ብረት ያለው ነገር ሁሉ ሲደርቅ ይይዛል።

የሰኮሩ መምህር፦
ጠያቂያችን፣ ስለ ሪሉ ከመነጋገራችን በፊት የሚሄዱበትን አሳ ማወቅ ይገባል። ባስ የሰሜን አሜሪካ አሳ ነው። እዚያ በጸደይ ወራት የውሃው ሙቀት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ ይወጣና ወንዱ ወለሉን በጅራቱ ጠርጎ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ስትሄድም እርሱ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ወደ ጎጆው የቀረበውን ሁሉ ስለሚነክስ ነው በቪዲዮው የላስቲኩን ትል እንደዚያ ሲዘልበት ያዩት። በግልገል ጊቤ ግድብ የሚያዙት ግን በዋናነት ቆሮሶ (ቲላፒያ) እና ባርቦስ ናቸው። የቆሮሶ ወንድም ዳር ላይ እንደ ሳህን ክብ የሆነ ጎጆ በአፉ ይቆፍራል፤ እንቁላሉን ተሸክማ የምትዞረው ግን ሴቷ ናት። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ በአፏ ይዛቸው ስለምትቆይ በዚያ ጊዜ እምብዛም አትመገብም፤ መንጠቆም አትነካም። ቆሮሶ ከሁሉ በላይ በውሃ ውስጥ ያለ አረንጓዴ ነገር የሚመገብ በመሆኑ አዳኝ አሳን ለማታለል የተሠራ የላስቲክ ትል ብዙ አይስበውም። አፉ ትንሽ ነውና ትንሽ መንጠቆ፣ የመሬት ትል ወይም ጠንከር ያለ የሊጥ ቁራጭ ይያዙ። አፏ ውስጥ እንቁላል ወይም ጫጩት ያለባት ከወጣች ደግሞ ልጆቹ አይተዋት ወዲያው ወደ ውሃው ይመልሷት፤ ይህንን ነገር አደራ እላለሁ።

ጠያቂው፦
መምህር፣ ስለ ትምህርቱ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ባስ አለመኖሩን አላውቅም ነበር። ይሁን እንጂ የቸኮልኩት ስለ ክሩ ነው። ዘይቱን ገና አልሞከርኩም። ሪሉን ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው የሰጠን፤ በዘንጉ ሥር የሚንጠለጠል፣ ሲጥሉ የሚከፈት የሽቦ ቅስት ያለው ዓይነት ነው።

ከአጂፕ ሰፈር፦
እኔም እንደ ሂርማታው ወንድማችን ዘይት እላለሁ። የስፌት መኪና ዘይት ከጠፋ የሞተር ዘይትም ይሠራል። አሳው ባይገኝ እንኳ ስንቁ ተዘጋጅቷልና ቤተሰቡ ጦሙን አያድርም፤ በርቱ!

ከጂሬን፦
እባክዎን ዘይቱን ለጊዜው ያቆዩት። ከገለጻዎ እንደተረዳሁት ሪሉ የተበላሸ አይመስለኝም፤ ፍሬኑ የላላ ነው የሚመስለው። በዚህ ዓይነት ሪል ክሩ የተጠቀለለበት በከራ ከላይ አንድ ክብ ማጥበቂያ አለው። ትልቅ አሳ ሲጎትት ክሩ እንዳይበጠስ በከራው ጥቂት እየተንሸራተተ እንዲለቅለት የተሠራ ነው። ማጥበቂያው ከላላ ግን ክሩን አንድ ነገር እንደያዘው፣ ሣርም ይሁን አሳ፣ እጀታው ሲዞር በከራው አብሮ ይንሸራተትና ክሩ አይገባም፤ ባዞሩ ቁጥርም ክሩ በራሱ ላይ ይጠማዘዛል። የክሩ መጠማዘዝ የመጣው ከዚህ ነው፤ ልጁ ምንም አላጠፋም።

እንዲህ አድርገው ይፈትሹት። መጀመሪያ የሽቦው ቅስት ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን ይዩ፤ ክፍት ከሆነ ክር አይጠቀልልም። ከዚያ በበከራው ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ አንድ ነጥብ ያድርጉ፣ የክሩን ጫፍ ሌላ ሰው እንዲይዝልዎ ያድርጉና እጀታውን በቀስታ ያዙሩ። በትክክል ሲሠራ የሽቦው ቅስት በበከራው ዙሪያ ይዞራል እንጂ በከራው ራሱ ወደ ላይና ወደ ታች ከመመላለስ በቀር አይዞርም። ነጥቡ ከዞረ ፍሬኑ ነው፤ ማጥበቂያውን ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ እያጠበቁ ክሩ በእጅ በርትተው ሲስቡት ብቻ የሚወጣ እስኪሆን ያድርሱት። እስከ መጨረሻው አያጥብቁት፤ ክሩ ይበጠሳል። ነጥቡ ቆሞ የክሩ ጥቅል ብቻ በበከራው ላይ ከተሽከረከረ ደግሞ ክሩ ከሥሩ አልያዘም ማለት ነው፤ ፈትተው በከራው ላይ አንድ ዙር ፕላስተር ይለጥፉና ክሩን በእርሱ ላይ አጥብቀው አስረው እንደገና ይጠቅልሉት።

ዘይቱን አቆዩት ያልኩት በማጥበቂያው ሥር ያሉት ስስ ክብ ቁራጮች በሰበቃ የሚይዙ ስለሆኑ ነው። ዘይት ከገባባቸው ይብሱን ይንሸራተታሉ።

ከኮቺ፦
እኔ ግን አስቀድሜ መጠየቅ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የቦዬ ረግረግ ከከተማው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ልጆችን በሌሊት ቀስቅሶ ይህን ያህል መንገድ መጓዝ ምን ያስፈልጋል?

ከፈረንጅ አራዳ፦
ከኮቺ ለጠየቁት፣ ምክሬን ይቀበሉኝ፤ ቦዬን ለልጆች አልመክርም። ከተማውን አቋርጦ የሚወርደው የአዌቱ ወንዝ ከመኖሪያውም ከገበያውም ያገኘውን ቆሻሻ ይዞ የሚደርሰው እዚያው ረግረግ ነው፤ ከዚያ የወጣ አሳ ለልጅ የሚቀርብ አይደለም። ጉማሬም አለበት።

ለጠያቂው ወንድሜ ደግሞ የእናትነት ምክር ልጨምር። ሪሉ ባይስተካከልም ጉዞው አይሰረዝ። ለልጆች ከሪል ይልቅ ቀርከሃ ይሻላል። በቁመታቸው ሁለት እጥፍ የሚሆን ቀጥ ያለ ቀርከሃ ይቁረጡ፣ ከጫፉ ላይ የዘንጉን ርዝመት ያህል ክር ይሰሩ፤ ክሩ ከዘንጉ ከረዘመ ልጁ መንጠቆውን በእጁ ሊይዘው አይችልም፣ ተወዛውዞም ፊቱን ሊወጋው ይችላል። በክሩ ላይ የጠርሙስ ቡሽ ያንሳፍፉ፣ ከመንጠቆው በላይ አነስተኛ እርሳስ ያድርጉና ትሉ ከውሃው ወለል አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ እንዲንጠለጠል ቡሹን ያስተካክሉ። ጥልቀት በሌለው ውሃ ሩቅ መጣል አያስፈልግም። አሳው የሚሸሸው ጥላና ኮቴ ስለሚሰማው ነውና ልጆቹ ከዳሩ ትንሽ ራቅ ብለው ጸጥ ብለው ይቀመጡ። ትሉን ዛሬ ማታ ከእንሰቱ ሥር ካለው ርጥብ አፈር ቆፍረው ከአፈሩ ጋር በቆርቆሮ ይያዙት።

ከሁሉ በላይ ግን ልጆቹ ወደ ውሃው እንዳይገቡ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው በተኛና ሣር በበዛበት ውሃ ዳር ነው፤ እናንተ የምትሄዱበትም ዓይነቱ ቦታ ነው። የበልግ ዝናብ በላይኛው አገር ከጣለ ደግሞ እናንተ ባላችሁበት ፀሐይ እየወጣች ወደ ግድቡ የሚገቡት ወንዞች በድንገት ሊሞሉ ይችላሉ። የጠራው ውሃ ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ ልጆቹን ይዛችሁ ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ። ከመቀመጣችሁ በፊትም የአካባቢውን አጥማጆች ጉማሬ የሚወጣበትን ዳር ጠይቁ፤ እነርሱ የሚያውቁትን ማንም አያውቀውም። ወባ ስላለ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱ።

ከሂርማታ፦
የጂሬኑ ወንድም ያሉት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም እጀታው ላይ ብቻ ጥቂት ዘይት አይጎዳም።

ከጂሬን፦
እጀታው ላይ ብቻ ከሆነ እስማማለሁ።

ስለተጠማዘዘው ክር ሳልናገር አልፌያለሁ። መንጠቆውንም እርሳሱንም ፈትተው ነገ ሲደርሱ ቀስ ብሎ በሚፈስ ውሃ ላይ ባዶውን ክር ረጅም አድርገው ይልቀቁት፤ ጫፉ ነፃ ስለሆነ ውሃው እየጎተተው ጥምዝማዙ ይፈታል። ሲመልሱት ክሩን በሁለት ጣትዎ መካከል በእርጥብ ጨርቅ ይዘው ወጥሮ እንዲጠቀለል ያድርጉት። ቋጠሮው የጠነከረበትን ቦታ ግን ለመፍታት አይድከሙ፤ እስከዚያ ድረስ ያለውን ቆርጠው ይጣሉት።

ጠያቂያችን፣ ነጥቡን አድርገው አይተውታል? በከራው ሲዞር ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ያው ፍሬኑ ነው፤ ድምፅ ሳይኖር ክሩ ብቻ ከተንሸራተተ ፕላስተሩን አሁኑኑ ፈልጉ፤ ነገ ሌሊት ሱቅ ተከፍቶ አታገኙም።