የቅልጥም ፕሌት ሳይወድቅ ተሰበረ፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ የሐይቅ ልጅ

ሰላም ወገኖች። የታላቅ ወንድሜ ቅልጥም ከቁርጭምጭሚቱ ግማሽ ስንዝር ከፍ ብሎ ተሰብሮ በፕሌትና በብሎን ታስሮለት ነበር። በሁለት ወር ተኩሉ ሕመሙ ስለጠፋ ክራንቹን ጥሎ ወደ እርሻው መመላለስ ጀመረ። በአምስተኛው ወር ሜዳ ላይ እየሄደ፣ ሳይወድቅ ሳይመታ፣ እግሩ ከዳው። በራጁ ላይ ፕሌቱ መሐል ካለው ባዶ ቀዳዳ ላይ ለሁለት ተቆርጧል፤ የአጥንቱ ስብራት መስመርም አሁንም ይታያል። ቁስሉ ደርቋል፣ ትኩሳት የለውም። ከቤተሰቡ ግማሹ «ብረቱ ፎርጅድ ነው» ይላል፣ ግማሹ «ወጌሻ ይየው» ይላል። ብረት እንዲህ በዋዛ ይሰበራል እንዴ? እንደገና ኦፕራሲዮን ከመደረጉ በፊትስ ሐኪሙን ምን እንጠይቅ?

መልስ፦ መካኒካል፣ ኮምቦልቻ

አብሽር ወንድሜ፣ ፎርጅድ ነው ለማለት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ራጁን ከጎን እዩት። ፕሌቱ ጎብጦ ከሆነ የተቆረጠው፣ በአንድ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል ማለት ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚውለው የማይዝግ ብረት ከመበጠሱ በፊት ይጎብጣል። ቀጥ እንዳለ ተቆርጦ ከሆነ ግን የብረት ድካም ነው። ከነገርከን የምገምተው ይህን ሁለተኛውን ነው።

የብረት ድካም የሚመጣው ለአንድ ጊዜ ቢሆን ምንም የማያደርግ ጭነት ሲደጋገም ነው። አጥንቱ ስላልያዘ በእያንዳንዱ እርምጃ ስብራቱ ትንሽ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ፕሌቱም አብሮ ይተጣጠፋል። ቀዳዳ ባለበት ቦታ ጭንቀቱ (ጭነቱ በብረቱ ውስጥ የሚፈጥረው ኃይል) በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይሰበሰብና ቀዳዳ ከሌለው ቦታ እስከ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ብሎን ያልገባበት ቀዳዳ ልክ ስብራቱ ላይ ከዋለ ደግሞ ከሁሉም ደካማው ቦታ እሱ ነው። እዚያ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይጀምርና በየእርምጃው ጥቂት ጥቂት ይሄዳል። አንድ ሰው በቀን 5,000 እርምጃ ቢሄድ በአንድ እግሩ 2,500 ነው፤ በሁለት ወር ተኩል ወደ 190,000 ጊዜ ይጠጋል። የቀረው ብረት ሲሳሳ በአንድ ተራ እርምጃ ይለቃል። ስለዚህ ሜዳ ላይ መሰበሩ አይግረማችሁ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ቮለር በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የባቡር አክስሎችን ሲፈትን ያረጋገጠው ይህንኑ ነው።

የወፍጮ ሻፍት በቁልፍ ማስገቢያው በኩል ሲበጠስ አይታችሁ ይሆናል። ፑሊው ሳይስተካከል ሻፍቱን ብቻ በይደው ቢመልሱት እዚያው አጠገብ ይደግማል። እዚህም ዋናው ጥያቄ «አጥንቱ ለምን አልያዘም?» የሚለው ነው። እሱ ካልተመለሰ አዲሱም ብረት ተራውን ይጠብቃል።

ፕሌቱ ሲወጣ ለምኑና ውሰዱት። የተሰበሩትን ፊቶች አታጋጥሙ፣ አትፈትጉ፤ ምልክቱ ይጠፋል። በረኪና አታስነኩት፣ ክሎሪን የማይዝግ ብረትንም ይበላዋል። በውኃ ታጥቦና ደርቆ ሁለቱ ቁራጮች ለየብቻ በላስቲክ ይቀመጡ። በማጉያ መነጽር ሲታይ ከቀዳዳው ጠርዝ የሚነሱ ቅስት መስመሮች ካሉት የድካም ስብራት ነው።

መልስ፦ ቶርኖ ቤት፣ ደሴ

ታዲያ ለምን ወፍራም ፕሌት አያስገቡለትም? ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ለመታጠፍ ያለው ግትርነት ስምንት እጥፍ ይሆናል።

መልስ፦ የአጥንት ሐኪም፣ ደሴ

ስሌቱ ትክክል ነው፤ አጥንት ግን የሚያድገው በልክ ሲነቃነቅ ነው። ስብራቱ በጣም ከተነቃነቀ አዲሱ አጥንት ገና ሳይጠና ይቀደዳል፤ ክፍተት እያለ ጨርሶ በግትር ብረት ከተያዘም አዲስ አጥንት የሚያስነሳው ትንሽ መነቃነቅ ይጠፋል። ብረቱ እንደሆነ አሁንም ከአጥንት አሥር እጥፍ ገደማ ይገትራል። ስለዚህ ማወፈሩ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

ወደ ጠያቂው ልመለስ። የቅልጥም ታችኛው ክፍል ከፊት ያለው ቆዳ ብቻ ነው፤ ሥጋ ስለሌለው ደም በደንብ አይደርሰውም፣ ይዘገያል። የአዋቂ ቅልጥም ለመያዝ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። በሁለት ወር ተኩል ሕመሙ የጠፋው ጭነቱን ፕሌቱ ስለተሸከመለት ነው። ክራንች የሚጣለው በራጅ ነው፤ ከፊትና ከጎን በተነሡ ሁለት ራጆች ከሚታዩት አራት የአጥንት ጠርዞች ቢያንስ ሦስቱ በአዲስ አጥንት ሲያያዙ።

አሁኑኑ፦ እግሩን አያስረግጡት። ከጭን እስከ እግር ጣት ግማሽ ጄሶ ይደረግለት፣ ሲተኛ ከፍ ይበል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንደኛው ጥያቄ «ኢንፌክሽን አለ ወይ?» ነው። ቁስሉ መድረቁ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ከውስጥ ዝም ብሎ የሚኖር ጀርም አለ። ኢንፌክሽን መኖሩን ሊጠቁሙ የሚችሉትን የኢ ኤስ አር እና የሲ አር ፒ ደም ምርመራ ጠይቁ። በቀዶ ሕክምናው ጊዜም ከተለያየ ቦታ ወደ አምስት ናሙና ለካልቸር (ጀርሙን በላቦራቶሪ አሳድጎ ለመለየት) እንዲወሰድ ተነጋገሩ። ስለዚህ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ አትስጡት፤ ከናሙናው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ከወሰደ ጀርሙ ሊደበቅ ይችላል። የሚወስደው ካለ ግን ለሐኪሙ ነግራችሁ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ።

ኢንፌክሽን ከሌለ የተለመደው መንገድ ፕሌቱን አውጥቶ በአጥንቱ መቅኔ ቦይ ውስጥ ረጅም ዘንግ ማስገባትና ከላይም ከታችም በብሎን መቆለፍ ነው። ዘንጉ መሐል ለመሐል ስለሚያልፍ ከጎን እንደታሰረ ፕሌት አይተጣጠፍም፤ ቦዩ ሲሞረድ የሚወጣው የአጥንት ዱቄትም ስብራቱን ያግዛል። በአገራችን የሚሠራበት ሳይን የሚባለው ዘንግ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የራጅ ማሽን ባይኖርም መቆለፍ ይቻላል። ስብራቱ ወደ ታች ስለሆነ «ከስብራቱ በታች ሁለት ብሎን የሚይዝ ቦታ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ክፍተት ካለ ከዳሌ አጥንት ተወስዶ ይሞላል። ከጎን ያለው ቀጭኑ አጥንት ቀድሞ ይዞ ከሆነ ዋናውን እንዳይገጥም ገትሮ ሊይዘው ስለሚችል፣ ትንሽ ቆርጦ ማውጣት ያስፈልግ እንደሆነም ይጠየቅ። ኢንፌክሽን ከተገኘ ነገሩ ሁለት ዙር ይሆናል፦ መጀመሪያ ማጽዳትና ከውጭ በሚታሰር ብረት መያዝ፣ ዘንጉ ሌላ ጊዜ።

መልስ፦ ነርስ፣ ወልዲያ

ስለ ወጌሻው። ውስጡ ስለታም የተሰበረ ብረት ያለበትን እግር ማሸት ሥጋና ደም ሥር ያስቆርጣል። በቀርከሃ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ደግሞ ደም ያቆማል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ቀና ሲደረጉ የማይቻል ሕመም ካለ ማሰሪያው ጄሶም ቢሆን ወዲያው ይፈታና ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ሥጋው ሊሞት ይችላል። ትልቅ ሰው ስላዘዘ ብላችሁ እንዳትሸነፉ፤ ስንት እግር ተቆርጧል በዚህ።

የሐይቅ ልጅ

አላህ ይስጣችሁ። ሲጋራ ያጨሳል፣ ሲያመው ዳይክሎፌናክ ይውጣል። እናታችን የቅልጥም ሾርባ እየሠራችለት ነው፣ ይጠቅማል?

የአጥንት ሐኪም፣ ደሴ

ሲጋራው ዛሬውኑ ይቁም፤ ደም ሥር ያጠብባል፣ የአጥንት መያዝን በግልጽ ያዘገያል። ዳይክሎፌናክን ለረጅም ጊዜ መውሰድም ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ጉበቱ ጤነኛ ከሆነ በፓራሲታሞል ይተካ። ስኳር እንዳለበትም ይመርመር። ሾርባውን ይጠጣ፣ ክፋት የለውም፤ ካልሲየም ግን ብዙ የለውም። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስርና ሽሮ ይመገብ፤ እናታችሁ ድካማቸውን እዚያ ላይ ቢያውሉት ይሻላል። ቤት ስለሚውል በየቀኑ ፀሐይ ይሙቅ።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ደሴ

ክራንቹን አስተካክሉለት። ቀጥ ብሎ ሲቆም በብብቱና በክራንቹ መካከል ሁለት ሦስት ጣት ይግባ፣ ክርኑ ትንሽ ይታጠፍ፣ ክብደቱ በመዳፉ ላይ ይረፍ። ብብቱ ላይ ከተንጠለጠለ እጁ ይደነዝዛል። ዳገት ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ክራንቹና የታመመው ይከተሉ። ቁልቁለት ሲወርድ ክራንቹ ይቅደም፣ ቀጥሎ የታመመው፣ መጨረሻ ጤነኛው። በክረምት ጭቃ ላይ የክራንቹ ጎማ ካለቀ ያንሸራትታል፤ አስቀይሩት።

ከአዲሱ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሐኪሙ «በከፊል ይርገጥ» ሲል ስንት ኪሎ እንደሆነ በቁጥር ጠይቁ። 15 ኪሎ ከተባለ የታመመውን እግር ሚዛን ላይ፣ ጤነኛውን እኩል ከፍታ ባለው ጣውላ ላይ አድርጎ 15 እስኪል ይጫን፤ ስሜቱን እስኪለምደው ጠዋት ማታ ይደጋግመው። እስከዚያ ሶላቱንም በወንበር ይስገድ።