ከፍሎረንስ ወደ ኪያንቲ ያለ መኪና

በልጆቻችን የጥቅምት ዕረፍት ከእናቴ ጋር ከፍራንክፈርት ተነሥተን ፍሎረንስ እናርፋለን፤ ሲዬናን በባቡር እናያለን፤ ያስቸገረን በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው የወይን አካባቢ በኪያንቲ ወይን ጠጅ የምንቀምስበት ቀን ነው። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም መቅመስ ስለምንፈልግ፣ በጣሊያን ለአሽከርካሪ የተፈቀደው የአልኮል መጠንም በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም ብቻ በመሆኑ፣ መኪና መከራየቱን ትተን ኪያንቲ ውስጥ ወዳለችው ግሬቬ ከተማ የሚሄደውን አውቶቡስ መረጥን። ይሁን እንጂ የጻፍንላቸው የወይን እርሻዎች በሙሉ ከከተማዋ ርቀው ኮረብታ ላይ ናቸው፤ እናቴ ደግሞ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዳገት አይወጡም። ቀኑ አርብ ስለሆነም ይጾማሉ፤ በነጭ ቦሎቄ፣ በጥቁር ጎመንና በደረቅ ዳቦ የሚሠራው ሪቦሊታ የተባለው ሾርባ አይብ ካልተነሰነሰበት ይስማማቸው ነበር፤ እርሻዎቹ ያቀረቡልን ምሳ ግን ሁሉም አይብና ሥጋ አለበት። ከግሬቬ አደባባይ እንግዶቹን በራሱ መኪና የሚወስድና የጾም ምሳ የሚያዘጋጅ የወይን እርሻ የምታውቁ ትኖራላችሁ?